ቤት የእግዚአብሔር ነው

መንገድ ላይ የመሸበት እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት መንገደኛ ነኝና አሳድሩኝ» ሲል፣ ከውስጥ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ግባ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው»። ይህን ቃል የሚናገረው ሰው ጎጆውን በገዛ እጁ የማገረ፣ ሣሩን አጭዶ የከደነ፣ ጭቃውን ረግጦ የመረገ ገበሬ ነው። ባለቤትነቱ የማያጠራጥር ሆኖ ሳለ፣ እንግዳ ደጁን በመታ ጊዜ ያንን ባለቤትነት ለአንዲት ሌሊት ያህል ወዲያ ያኖረዋል። መደቡን ይለቃል፤ እግር ያጥባል፤ ካለችው ቆርሶ ያቀርባል። በምዕራብ ሸዋ ኦሮሞ ዘንድም «ኬሱማ» የተባለው እንግዳ ያለው ክብር ከዚህ የተለየ አይደለም። እንግዳ የመጣበትን ቤት ችላ ማለት ነውር፣ የመጣውን እንግዳ መመለስ ደግሞ ከነውርም የከፋ ነው።

ይህ እንግዲህ የጎጆ ቃል ነው። ቤተ መንግሥትስ ይህንኑ ቃል ሊናገር ይችላልን? በብዙ ሺህ ሰው ላብ የቆመ፣ በቅጥርና በዘበኛ የተከበበ፣ የአንድ ቤተ ሰብ ክብርና ኃይል መግለጫ የሆነ ታላቅ ቤት «ግባ» የሚለው መቼ ነው? ቢልስ ለማን ነው? መልሱን ለሚሻ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አምቦ የሚዘልቀው፣ ከዚያም በጉደርና በሸነን አቅጣጫ ወደ ገጠሩ የሚከፈለው መንገድ ጥሩ መምህር ነው። በዚህ መንገድ ዳር ሁለት የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥቶች ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም ቤተ መንግሥት አይደሉም። ሁለቱም ግን አሉ። የመኖራቸው ምስጢርም ቤተ መንግሥት መሆናቸውን በመተዋቸው ላይ ያለ ይመስላል።

ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም ከጉብታ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጉብታው አናት ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም ትታያለች። ለመንገደኛው ከሩቅ የምትታየው ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታሰብ ግን ቤተ ክርስቲያን አልነበረችም። የአገሪቱ አዲስ መናገሻ ከተማ እምብርት እንድትሆን የታቀደች የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የዘመኑን የመናገሻ ከተሞች ጠባይ ማስታወስ ያሻል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ከድንጋይ ይልቅ በድንኳንና በእንጨት የቆመ፣ ማገዶው ሲያልቅና ሣሩ ሲጨረስ ተነሥቶ የሚሄድ ከተማ ነበር። ምኒልክም ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወደ ፊንፊኔ ወርደዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ከዚያ በፊት ከነበሩት ሰፈሮች የተሻለ ዕድሜ ይኖራታል ብሎ እርግጠኛ የሆነ ሰው ብዙ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ መኳንንቱ፣ ሠራዊቱ፣ ነጋዴውና የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሲሰበሰቡባት፣ በዙሪያዋ የነበረው ደን በምጣድ ሥር ማገዶ፣ በግድግዳ ውስጥ ማገር እየሆነ አለቀ። እንጨት ለመልቀም የሚደረገው ጉዞ በየዓመቱ ይረዝም ጀመር። ያኔ እንደ ልማዱ መነሣት ግድ ሆነ።

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ አነሡ። የመረጡት ስፍራ ደን ያልራቀው፣ ነፋሻና ለም የሆነው የሜጫ ኦሮሞ አገር ነበር። ስፍራው ስም አጥቶ የቆየ ስፍራ አልነበረም። ኤጄሬ ይባል ነበር፤ የወረዳው ስም ሆኖ እስከ ዛሬም ይጠራበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን «አዲስ ዓለም» አሉት። በዚህ ስም ውስጥ የዘመኑ መንፈስ ጎልቶ ይሰማል። የአውሮፓን ጦር ድል ያደረገ፣ ድንበሩን በውል ያስከበረ፣ ስልክና የባቡር ሐዲድ ለማስገባት የሚደራደር መንግሥት፣ አዲስ ዘመን ጀምሬአለሁና አዲስ ዓለም ይገባኛል ማለቱ ነበር። ነገር ግን አንድ ስፍራ ሁለት ስም ሲይዝ፣ በሁለቱ ስሞች መካከል አንድ ታሪክ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። አዲስ የተባለው ዓለም ለአንዱ መጀመሪያ ሲሆን፣ ለነባሩ ገበሬ ግን በአባቶቹ መሬት ላይ የሰፈረ የመንግሥት ከተማ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ጉብታው ተደለደለ፤ ድንጋይ ተፈለጠ፤ ግንድ ተጎተተ። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተዘረጋውም መንገድ በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ስለ እንዲህ ያለው ሥራ ሲጽፉ «ንጉሡ አሠሩ» ብለው ያልፋሉ። በዚህች አንዲት ግሥ ውስጥ የተሸከመው ወታደር፣ የፈለጠው ገባር፣ ግድግዳ ያቆመው ግንበኛና አናጢ ሁሉ ተውጠው ቀርተዋል። ስማቸው ባይጻፍም ሥራቸው ጉብታው ላይ አለ።

ይሁንና ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ አሳቡ ተለወጠ። ለለውጡ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች አቋም ነው። እነዚህ ሰዎች በአዲስ አበባ ሰፊ ቦታ ተቀብለው ብዙ ወጪ አፍስሰው ቤት መሥራት ስለ ጀመሩ፣ ድንኳን ነቅሎ እንደሚሄድ ሠራዊት እንደ ገና መነሣት አልፈለጉም። ሁለተኛው ምክንያት አንድ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከባሕር ማዶ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያድግ፣ ተቆርጦም ከጉቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባን ከማገዶ ረኀብ አዳናት። ለዘመናት ነገሥታትን ከስፍራ ስፍራ ሲያዞር የኖረው የእንጨት ጥያቄ በዛፍ ተመለሰ። መናገሻ ከተማዋም በዚያው ጸናች።

ታዲያ በጉብታው ላይ የተጀመረው ቤት ምን ይሁን? ሌላ ንጉሥ ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር፤ ሣር ይበቅልበት፣ ድንጋዩም ለየሰዉ ካብ ይሆን ነበር። ምኒልክ ግን ቤቱን ለማርያም ሰጡት። በአክሱም ጽዮን አምሳል ደብረ ጽዮን ተባለ። የንጉሥ እልፍኝ ሊሆን የታሰበው ስፍራ መቅደስ ሆነ፤ ግብር የሚበላበት መስሎት ድንጋይ የተሸከመው ሰው ልጅም ክርስትና የሚነሣበት ሆነ። ገበሬው ለመንገደኛ የሚናገረው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለው ቃል በዚህ ጉብታ ላይ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ እውነት ሆነ።

ይህን ለውጥ በትክክል ለመመዘን በሌላው ዓለም የሆነውን ማየት ይጠቅማል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያን የወጋችው ኢጣሊያ የመኳንንት ቤቶች አገር ናት። በቬኒስ ከተማ፣ ከመስፍኑ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ በባሕሩ ዳር አንድ የታወቀ ቤት አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ያሠራው የዳንዶሎ ቤተ ሰብ ነው። ይህ ቤተ ሰብ ለቬኒስ መሳፍንትን ያበረከተ ነበር፤ ከመካከላቸው ኤንሪኮ ዳንዶሎ በ1204 የመስቀል ጦረኞችን እየመራ ቁስጥንጥንያን ያስያዘው ሰው ነው። ቤቱ በኋላ ከአንዱ ባለ ስም ቤተ ሰብ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖረ። በ1630 ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሞንተቬርዲ ለአንድ ሠርግ የደረሰው የሙዚቃ ተውኔት የታየው በዚሁ አዳራሽ ነው። በ1797 ናፖሊዮን የቬኒስን ሪፐብሊክ ባጠፋ ጊዜ የመኳንንቱም ሥልጣን አብሮ ወደቀ። ሹመት የሌለው መኰንን ያን ሁሉ ክፍል የሚያሞቅበት እንጨት፣ ያን ሁሉ ጣሪያ የሚጠግንበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? በ1822 ጁዜፔ ዳል ኒዬል የተባለ ሰው የቤቱን ከፊል ተከራይቶ እንግዳ ማሳደሪያ አደረገው። ኋላም ሙሉውን ገዛው። የመሳፍንቱ ቤት በእንግዳ አስተናጋጁ ቅጽል ስም ዳኒዬሊ ተባለ። በ1834 መግቢያ ፈረንሳውያኑ ደራስያን ዦርዥ ሳንድና አልፍሬድ ደ ሙሴ ካደሩበት ወዲህ ደግሞ ዓለም የሚያስታውሰው ከመሳፍንቱ ይልቅ በእንግዶቹ ሆነ።

የቬኒሱ ቤት የተረፈው ዘሩ ስለ ጠበቀው አልነበረም። ደጁ ለእንግዳ ስለ ተከፈተ ተረፈ። የከፈተው ግን ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ያለው ይገባል፤ የሌለው ከደጅ ይመለሳል። የአዲስ ዓለሙ ቤት ደጅ ደግሞ ያለ ገንዘብ ተከፈተ። በአንዱ ዘንድ የባላባት ርስት ሸቀጥ ሆነ፤ በሌላው ዘንድ የንጉሥ ቤት ስእለት ሆነ። ሁለቱ ልዩ ልዩ መንገዶች ቢሆኑም የደረሱበት እውነት አንድ ነው። ታላቅ ቤት የሚሞተው ግድግዳው ሲፈርስ አይደለም። የሚሞተው የሚገባበት ሰው ሲያጣ ነው።

የኢትዮጵያም ቤተ መንግሥት እንግዳ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም እንግዳ መቀበል የመንግሥት ወግ አንዱ ክፍል ነበር። በአዳራሹ ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ ይበላል። ከሩቅ አገር የመጣ መልእክተኛም ንጉሡ ሲፈቅዱለት «ድርጎ» ይሰፈርለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ፣ የበቅሎው ሣር ሳይቀር። የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ልግስና በመጽሐፋቸው እያደነቁ ጽፈዋል። ድርጎው ግን ከንጉሡ ጓዳ ብቻ የሚወጣ አልነበረም። እንግዳው በሚያልፍበት አገር ሁሉ የሚያቀርበው ገበሬው ነበር። ያ ገበሬ በገዛ ጎጆው ለመንገደኛ በፈቃዱ የሚቆርሰውን እንጀራ፣ በድርጎ ስም ሲሆን በጭቃ ሹም ትእዛዝ ይሰጠዋል። አንዱ እንግድነት ነው፤ ሌላው ግዴታ ነው። የሁለቱን ልዩነት የሚያውቀው የበላው አይደለም፤ ያቀረበው ነው።

በእንግድነት ታሪክ ውስጥ የዐድዋ ምርኮኞች ሁኔታም ልዩ ስፍራ አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች የተማረኩት ኢጣሊያውያን ወደ መሐል አገር ተወስደው በየመኳንንቱ ቤት ተከፋፍለው ተቀመጡ። በ1889 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የአዲስ አበባ ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ስታውቅ፣ ምርኮኞቹም ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ ተከፈተ። ሳይመለሱ ከቀሩት አንዱ የሆነው መሐንዲሱ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ስሙ ከአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ጋራ ይነሣል። የዐድዋ ድል መታሰቢያ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ላይ የተሸናፊው ወገን ሰው እጅ መኖሩ የዘመኑን እንግዳ አቀባበል ጠባይ የሚያሳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤተ መንግሥቱ እንግዳውን በሌላ መልክ ለማስተናገድ የተነሣው በአንዲት ሴት አሳብ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከሰሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱ ናቸው። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን የገዙ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። ውቤ ንግሥ ይፈጸምልኝ ብለው በደረስጌ ማርያምን አሠርተው ነበር። ይሁን እንጂ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና፣ ለእርሳቸው በተዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት አሸናፊው ካሳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። ጣይቱ እንግዲህ አንድ ሰው ለራሱ ያዘጋጀው ቤት ለሌላ ሰው ሲሆን ያየ ቤተ ሰብ ልጅ ነበሩ። የባላባት ርስት ምን ያህል በእጅ የማይጸና ነገር እንደ ሆነ ከዚያ ቤት ልጅ ይበልጥ የሚያውቅ አይገኝም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአራዳ የተከፈተው፣ ባለ ፎቁና ባለ እንጨት ሰገነቱ የእቴጌ ሆቴል በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ከቤተ መንግሥት የወጣ እንግዳ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ወደ መናገሻ ከተማዋ የሚጐርፈው የውጭ አገር ሰው ከእንግዲህ ድርጎ ጠባቂ ሆኖ አይቀመጥም፤ ራሱ ከፍሎ ያድራል፤ ራሱ ከፍሎ ይበላል። ለዛሬ ሰው ተራ የሚመስለው ይህ ነገር በዚያ ዘመን ታላቅ የአስተሳሰብ ለውጥ ነበር። እህል በገንዘብ መሸጥ በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። ሲነገር እንደ ኖረው፣ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ገዝቶ ለመብላት የደፈረ ሰው ቢጠፋ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፤ ጠጡ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ፤ መኳንንቱም ከዚያ ወዲህ እየሄዱ እንዲከፍሉ ሆነ። ግብር አብሊው ንጉሥ ሒሳብ ከፋይ ደንበኛ ሆኖ የተቀመጠባት ያች ገበታ ከብዙ አዋጅ ይልቅ የዘመን መለወጥን የምታሳይ ናት።

ገንዘብ የእንግድነትን ወዝ ያደርቃል የሚል ሰው ይኖራል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ከሌላው ወገን ሲታይ፣ በሆቴሉ ገበታ ላይ የቀረበው እንጀራ ዋጋው የተከፈለ እንጀራ ነው። ድርጎው ግን ከማያውቀው ገበሬ ጎተራ የወጣ ነበር። እንግዳው የራሱን ሒሳብ መክፈል በጀመረ መጠን የገባሩ ጀርባ ትንሽ እንዲቀልለት ሆነ። እቴጌይቱ ሆቴሉን ሲያቋቁሙ ይህን አሰቡም አላሰቡም፣ የሥራቸው ትርጉም ግን ወደዚያ ያመለክታል። የእርሳቸው የግል ዕጣ ደግሞ ሌላ ነበር። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከቤተ መንግሥት ወጥተው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። በ1910 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ ከተማዋን የቆረቆሩት እቴጌ ከተማዋን ከተራራ ላይ እንደ እንግዳ ሲመለከቱ ኖሩ። ስማቸውን ያቆየው የዘራቸው ርስት አልሆነም። ያቆየው ለማያውቁት መንገደኛ የከፈቱት ቤት ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ ላይ እሳት ተነሥቶ ከፊሉን ባጠፋ ጊዜ፣ ገብቶበት የማያውቀው ሰው ሳይቀር እንደ ገዛ ቤቱ ቃጠሎ ደነገጠ። ቅርስ ማለት ይህ ነው፤ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው የሚያዝንለት ቤት።

ወደ ምዕራቡ መንገድ ስንመለስ፣ ከአዲስ ዓለም በፊት ሆለታ ትገኛለች። እዚህም ምኒልክ «ገነት» ያሉት ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ይህ ቤት ቤተ ክርስቲያንም ሆቴልም አልሆነም። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ እጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደረሰባቸው። ጥቂት ወራት በተማሩት ወታደራዊ ጥበብ ዘመናዊ ጦር ለመግጠም ወጡ። አዲስ አበባ ስትያዝም ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አቅንተው በወለጋ የጥቁር አንበሳን ድርጅት ከመሠረቱት አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። በ1929 ዓ.ም. መግቢያ ወራት ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ እስከ ጎጀብ ወንዝ ድረስ ተዋጉ። የንጉሥ ማረፊያ የነበረው ቤት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ አርበኛ አፈራ።

ከነጻነት በኋላ እንደ ገና የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት ሌላም ነገር አሳይቷል። በ1967 ዓ.ም. የዘውዱን ሥርዓት ካፈረሱት መኮንኖች መካከል፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ጨምሮ፣ የሆለታ ምሩቃን ነበሩ። በንጉሥ ግቢ ውስጥ የተማረ ወታደር የንጉሥን መንበር ገለበጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ አገሪቱ በመራራ ደም ታስታውሰዋለች። ቤት ለሚያስገባው ሰው መልካምነት ዋስ አይሆንም፤ ደጁን መክፈት አንድ ነገር ነው፤ የገባው ሰው የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ቤት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

ይህንኑ ምስክርነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በአዲስ አበባ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ያሠሩትን ይህን ቤት የኢጣሊያ ወራሪዎች ያለ ጥሪ ገብተው የራሳቸው እንደራሴ መቀመጫ አደረጉት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ነው። ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ የተጠራው ሕዝብ በግቢው ውስጥ በመትረየስ ታጨደ። ከዚያም ቀጥሎ ለሦስት ቀን ከተማዋ በደምና በእሳት ታጠበች። የተጠራ እንግዳን መግደል በየትኛውም ሕዝብ ሕግ ከወንጀል ሁሉ የከፋ ወንጀል ነው። ፋሺስቶቹ ራሳቸው ያለ ጥሪ የመጡ መሆናቸው ደግሞ ወንጀሉን ያከብደዋል።

በግቢው ውስጥ ወራሪዎቹ ያቆሙት የሲሚንቶ ደረጃ እስከ ዛሬ አለ። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት እንዲቆጥር የታሰበ ነበር። ከነጻነት በኋላ ደረጃውን ማፍረስ ቀላል ነበር። ያልፈረሰው ደረጃ ግን ከአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ያ ደረጃ ከዚያ በላይ የማይወጣ፣ የተቋረጠ የግፍ ቆጠራ ሆኖ ቀረ። በ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑትም በዚሁ ቤት ነው። ይህን ሁሉ ደም ያየው ቤት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከነቤተ መጻሕፍቱና ከነሙዚየሙ ገባበት። የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ተማሪ ደብተሩን ይዞ ገብቶ የሚያየው ሆነ።

እንግዲህ ተራ በተራ የታዩት ቤቶች አንድ ነገር ይላሉ። አዲስ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሆነ፤ ገነተ ልዑል ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጣይቱም ቤት የመንገደኛ ማደሪያ ሆነ። የንጉሥ ቤት ሆኖ ለመቅረት ብቻ የቆመ ቤት ከንጉሡ ጋራ አርጅቶ ይወድቃል። ተሳላሚን፣ ተማሪን፣ መንገደኛን ያስገባ ቤት ግን የሠራው ቤተ ሰብ ሲያልፍ እርሱ አያልፍም። የባላባት ወገን ውርስ የሚባለው ነገር በደም የሚወረደው ብቻ ከሆነ በሁለትና በሦስት ትውልድ ያልቃል። ደጁን ለማያውቀው ሰው ሲከፍት ግን የሕዝብ ውርስ ይሆናል።

ይህ ሲባል ቤቶቹ ያለባቸው ዕዳ ተከፍሏል ማለት አይደለም። በአዲስ ዓለም ማርያም ግቢ በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ የነገሥታት አልባሳት፣ ዘውዶችና የክብር ዕቃዎች ይታያሉ። የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ስም ይነገራል። በጉብታው ላይ ግንድ የጎተተው የወታደር ስም ግን አይነገርም፤ ድንጋይ የፈለጠውም ግንበኛ ስም አይነገርም፤ ኤጄሬ ሲባል በነበረ ጊዜ ያንን መሬት ያርስ የነበረው ገበሬ ስምም አይነገርም። ከዘውዱ ጎን የመጥረቢያውና የዶማው ታሪክ ቢቀመጥ ዘውዱ አያንስም። እንዲያውም ዘውዱ በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበር ይታወቃል።

ይህን ጉድለት መሙላት የማን ሥራ ነው? መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ጉብታው ላይ ሲወጣ «ማን አሠራው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ማንስ ሠራው?» ብሎ ቢያስከትል ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ከማለቁ በፊት የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ሠዓሊው ከሠራዊቱ ሰልፍ ባሻገር የድንጋይ ተሸካሚዎችን ሰልፍ ይሣል፤ ተውኔት ጸሐፊውም ከአልጋው ይልቅ ከበሩ ላይ ይቁም። ማን ገባ፣ ማን ተመለሰ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከበሩ ላይ ነውና። ኃላፊነት የተሰጠውም ሹም የጣሪያውን ክፍተት ዝናቡ ሳይቀድመው ይመልከት። ባለቤቱ የሞተበት ቤት ይጠገናል፤ ወራሽ ነኝ የሚል የጠፋበት ቤት ግን አይጠገንም።

ከአዲስ ዓለም ጉብታ ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል ሲመለከት የአምቦው መንገድ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሲያቀና ያያል። ያ መንገድ ወደ አምቦ ጠበል የሚሄዱ ሕሙማንን፣ ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶችን፣ የሚሸሽን ሠራዊትና የሚያሳድድን ጦር፣ ተማሪንና ነጋዴን ሁሉ አሳልፏል። ከላይ ያለው ታላቅ ቤት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ታስቦ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ የሚደርሰው መንገደኛ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ማን ነህ የሚለው የለም። ገበሬው በጎጆው ደጅ ላይ ሲለው የኖረውን ቃል ቤተ መንግሥቱ በመጨረሻ ከእርሱ ተምሯል።